ምክዋዋም ተሸነፈ፣ ሶንጌያም ተሰቀለ፣ ታዲያ ተማሪዎቼን ምን ልበላቸው?

ጥያቄውን የላከልኝ ሃይስኩል ታሪክ ማስተማር ከጀመረ ገና ሁለተኛ አመቱ የሆነ ወጣት መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቅኝ ግዛትን የተቃወሙ የአፍሪካ የጎሳ መሪዎችን ሳስተምር ተማሪዎቼ ‹ቲቸር፣ ሁሉም እኮ ተሸነፉ፣ ታዲያ ለምንድነው የምንማራቸው?› ብለው ያፋጥጡኛል፣ መልስ አጣሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ መምህርነት ምን ዋጋ አለው እያልኩ ነው፣ አብረውኝ ከተመረቁት ግማሾቹ ሥራ ቀይረዋል። ስለ ሁለቱም የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ ሁለቱን ለየብቻ አልመልስልህም። እኔ ብዙ አመት ያጠናሁት የታንዛኒያን ታሪክ ነው፣ ያኔ ታንጋኒካ ሚባለውን፣ እና እዛ አገር ሁለቱ ጥያቄዎችህ አንድ ታሪክ ናቸው። አባቶች በጦር ሞክረው ተሸነፉ፣ ያሸነፋቸው ሰው ልጆቻቸውን ለራሱ ሥራ ብሎ ትምህርት ቤት አስገባቸው፣ ከዛ ትምህርት ቤት የወጡ አስተማሪዎች አገሩን ተረከቡት። እንዲህ ጠቅለል ሲል ያምራል፣ ውስጡ ግን ብዙ ደም፣ ብዙም የማያኮራ ነገር አለ፣ እሱን ሳትደብቅ ካስተማርክ ተማሪዎቹ ያምኑሃል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብህ።

ከምክዋዋ እንጀምር። ምክዋዋ ሄሄ የሚባለው ሕዝብ መሪ ነው፣ አገሩ ደቡባዊው ደጋ፣ ዛሬ ኢሪንጋ የሚባለው ከተማ አካባቢ። አባቱ ሙኒጉምባ የተበታተኑትን ትንንሽ አለቆች በጉልበት ሰብስቦ አንድ አርጎ በ1879 ሞተ፣ ልጁ ደግሞ ከባህር ወደ መሀል አገር የሚሄደውን የሲራራ ነጋዴ መንገድ ይዞ እያስገበረ ጠነከረ። እዚህ ጋ ለልጆቹ አንድ ነገር ሳትሸፋፍን ንገራቸው፣ ምክዋዋ መልአክ አልነበረም። ጎረቤቶቹን ይወጋ ነበር፣ ከብት ይነዳ ነበር፣ ሰው ይማርክ ነበር። ጀርመን ሲመጣ ከጀርመን ጋር የቆሙት ጎረቤቶቹ፣ በተለይ የሳንጉ ሕዝብ አለቃ መሬሬ፣ ዝም ብሎ ባንዳነት ስላማራቸው አልነበረም፣ አገራቸውን የቀማቸው ሄሄ ስለሆነ ነው። ይሄን ካልነገርካቸው በኋላ ሽንፈቱ አይገባቸውም።

በ1891 ጀርመኖች ኤሚል ፎን ዜሌቭስኪ የሚባል መኮንን ጦር አስይዘው ላኩበት። ኦገስት 17 ጠዋት ሉጋሎ የሚባል ቦታ ላይ ሦስት ሺህ ያህል የሄሄ ተዋጊ ከድንጋዩና ከቁጥቋጦው ኋላ አድፍጦ ጠበቃቸው፣ በቀጭኗ መንገድ ተከታትለው ሲያልፉ ጎን ለጎን ገባባቸው። ከባድ መሣሪያቸውን አውርደው ለመገጣጠም እንኳን ጊዜ አላገኙም፣ ነገሩ በደቂቃዎች አለቀ። ዜሌቭስኪን ጨምሮ 10 አውሮፓውያን፣ ከ250 በላይ ደግሞ አስካሪ፣ ማለትም ለጀርመን የተቀጠረ አፍሪካዊ ወታደር፣ እና ጭነት ተሸካሚ እዛው ቀረ፣ ሄሄዎቹ 300 ያህል ጠመንጃ ማረኩ። አድዋ ሊመጣ ገና አራት አመት ተኩል ይቀረዋል፣ ልብ በል። ተማሪዎችህ አፍሪካ ውስጥ ነጭ ጦር የተመታው አድዋ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል፣ እኛም አዋቂዎቹ ብዙዎቻችን እንደዛ ነው የምናስበው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ድል ያገኘ ሰው እንዴት ተሸነፈ? ለኔ ትልቁ ስህተቱ ከሉጋሎ በኋላ ያረገው ነው። ያሸነፈው በማድፈጥ፣ በመንቀሳቀስ ነበር፣ ከዛ ግን መቀመጫው ካሌንጋ ላይ ኪሎሜትሮች በሚረዝም የድንጋይ ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ግንብ ደግሞ ለመድፍ የተሰጠ ስጦታ ነው። በ1894 ኦክቶበር መጨረሻ ገዥው ፎን ሼሌ ራሱ ጦር መርቶ መጣ፣ መድፉን ጠምዶ ደብድቦ ግንቡን ሰብሮ ገባ፣ ባሩዱንም የዝሆን ጥርሱንም ወሰደ፣ ምክዋዋ ግን አመለጠ። ከዛ በኋላ አራት አመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ጫካ ለጫካ እየዞረ ተዋጋቸው፣ ሕዝቡ እህል ያቀብለዋል፣ ወሬ ያቀብለዋል፣ አሳልፎም አይሰጠውም። ጀርመኖች ወንድሙን ምፓንጊሌን በሱ ቦታ አለቃ ብለው ሾሙት፣ ሁለት ወር እንኳን ሳይቆይ «አንተም ለወንድምህ ታቀብላለህ» ብለው ሰቀሉት። በምክዋዋ ጭንቅላት ላይ 5,000 ሩፒ ቆረጡ። በመጨረሻ በ1898 ጁላይ 19 ከበቡት፣ እሱም እጁን ከሚሰጥ ራሱን ተኩሶ ገደለ። የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው መቅደላና ቴዎድሮስ ትዝ ይለዋል፣ ተማሪዎችህም ማለታቸው አይቀርም፣ ይበሉ፣ ጥሩ መግቢያ ነው።

ጀርመኖቹ አንገቱን ቆርጠው ጭንቅላቱን ወሰዱ። ነገሩ እዛ ያበቃል ብለህ እንዳታስብ። አንደኛው የዓለም ጦርነት አልቆ በ1919 የቬርሳይ ስምምነት ሲፈረም፣ ያንን ሁሉ የድንበርና የካሳ ጉዳይ በያዘው ውል ውስጥ አንቀጽ 246 ላይ ጀርመን የሡልጣን ምክዋዋን የራስ ቅል በስድስት ወር ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ታስረክብ ይላል። አውሮፓ ያን ያህል ተላልቃ፣ ሚሊዮን በሚሊዮን ሞቶ፣ የኢሪንጋው ሰውዬ ጭንቅላት ዓለም አቀፍ ውል ውስጥ ገባ! ይሄን አንቀጽ ክላስ ውስጥ አንብብላቸውና «ለተሸነፈ ሰው አጥንት ይሄን ያህል ለምን ተጨነቁ?» ብለህ ጠይቃቸው፣ ከዛ ዝም በል፣ እነሱ ይከራከራሉ። ጀርመን ግን የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም ብላ ሠላሳ ምናምን አመት ሳታስረክብ ቀረች፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። ታቦራ ላይ የኡኒያኒዬምቤ ግዛት አለቃ ኢሲኬ ነበር፣ ጀርመኖች በ1893 ጃንዋሪ ምሽጉን ሰብረው ሲገቡ ባሩዱን ለኩሶ ራሱን አፈነዳ። ኪሊማንጃሮ ሥር የሞሺው ማንጊ፣ ማለትም አለቃ፣ ሜሊ በ1892 የጀርመን ጦር መትቶ መኮንናቸውን ገደለ፣ በ1900 ማርች ግን ከሌሎች የቻጋና የአካባቢው መሪዎች ጋር ባንድ ቀን ዛፍ ላይ ተሰቀለ፣ የሱም ጭንቅላት ጀርመን ተወስዷል ተብሎ ቤተሰቡ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲፈልግ ኖሯል። ደቡብ ውስጥ የያኦ ሕዝብ መሪ ማቼምባ ደግሞ አለ፣ እሱን እኔ በግሌ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ጀርመኑ አዛዥ ቪስማን ና ተገዛ ብሎ ሲልክበት በ1890 በኪስዋሂሊ ደብዳቤ ነው የመለሰለት። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ቃልህን ሰማሁ፣ እንድታዘዝህ የሚያበቃ ምክንያት ግን አላገኘሁም፣ ወዳጅነት ከሆነ እሺ፣ ተገዢ ከሆነ ግን አልሆንም፣ ጠንካራ ነኝ ካልክ መጥተህ ያዘኝ የሚል ነው። ዘጠኝ አመት አስጨንቋቸው በመጨረሻ ድንበር ተሻግሮ ሞዛምቢክ ገባ። ጎሳ መሪ ሲባል ቆዳ ለብሶ ጦር የሚነቀንቅ ብቻ የሚታያቸው ልጆች ካሉህ ይሄን ደብዳቤ ስጣቸው።

አሁን ሁሉንም ደርድረህ ተመልከታቸው። ማቼምባ 1890፣ ምክዋዋ 1891፣ ሜሊ 1892፣ ኢሲኬ 1893፣ አመቶቹ እኮ አንድ ሰሞን ናቸው! ግን አንዱ ሲመታ ሌላው ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ «ይበለው፣ ከብቴን የነዳው እሱ አይደል» ብሏል። ጀርመን ጦሩ ያን ያህል ብዙ አልነበረም፣ አብዛኛው ወታደሩም አፍሪካዊ አስካሪ ነው፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ለመሄድ ግን በቂ ጊዜ ነበረው። ላዩ ላይ የከብት እልቂቱ መጣ። ይሄ እኛን የሚነካ ነገር አለው፣ በ1887 ጣሊያን ባመጣው ከብት ምፅዋ ላይ የገባውና እኛ አገር ክፉ ቀንን ያመጣው በሽታ እዛው አልቆመም፣ ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890ና 91 የምሥራቅ አፍሪካን አርብቶ አደር ከብት ጨረሰው። የኛ ሰው በክፉ ቀን ሲያልቅ የነሱም እያለቀ ነበር፣ ብቻ እኛ አድዋ ላይ ስንደርስ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ጦርና በብዛት የተገዛ ጠመንጃ ነበረን። ምክዋዋ ያሉት የማረካቸው ጠመንጃዎች ናቸው፣ ጥይቱ ሲያልቅ አለቀ። ስለዚህ ለተማሪዎችህ የመጀመሪያው መልሴ፣ ጀግንነት አልጎደላቸውም፣ የጎደለው አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ነገር ነው።

ማጂ ማጂ የሚባለው የ1905ቱ አመፅ (ማጂ በኪስዋሂሊ ውሃ ማለት ነው) ያንን ማገናኛ ለመሥራት የተደረገ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ነው፣ ብዙ ቴክስትቡክ ግን ውሃ ተረጭተው ጥይት አይነካንም ያሉ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ እኔ ይሄ ያናድደኛል። መነሻው ጥጥ ነው። ገዥው ፎን ጎትሰን ከ1902 ጀምሮ ሕዝቡ በጋራ ማሳ ላይ በግድ ጥጥ እንዲያመርት አስገደደ፣ ሰው የራሱን እህል ጥሎ ጥጥ ለቀማ ይነዳል፣ ክፍያው የማይረባ ነው፣ ግብሩ ደግሞ በላዩ ላይ አለ፣ የሚያስገድዱት አኪዳ የሚባሉ ከባህር ዳርቻ የመጡ ሹሞች ጅራፍ ይዘው ነው። ንጋራምቤ የሚባል ቦታ ኪንጄኪቲሌ ንግዋሌ የሚባል ሰው መንፈስ ወረደበት፣ መድኃኒት ያለው ውሃ መስጠት ጀመረ፣ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ውሃውን ይዞ ይመለሳል። የውሃው ትልቁ ነገር ጥይቱን ማምከኑ ብቻ አይደለም፣ ከዛ በፊት እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ውሃ ጠጥተው አንድ ዓይነት ቃል መግባታቸው ነው። በ1905 ጁላይ የማቱምቢ ሰዎች የጥጡን ተክል ነቅለው ጣሉ፣ ጦርነቱ ተጀመረ፣ ሃያ ያህል ሕዝቦች ገቡበት። ኪንጄኪቲሌን ገና ኦገስት ላይ ሰቀሉት፣ ጦርነቱ ግን እስከ 1907 ቀጠለ።

እዚህ ጋ ለመምህር የሚመር ነገር አለ። ተነሺዎቹ የሚሽን ጣቢያዎችንም አጥቅተዋል፣ ኦገስት 1905 አንድ የቤኔዲክቲን ጳጳስ ከነተከታዮቹ ተገድሏል። ለገበሬው አስተማሪው፣ ጥጥ አስለቃሚውና አስካሪው አብረው የመጡ ናቸው፣ በዛን ሰዓት ደግሞ ብዙም አልተሳሳተም። አስተማሪ የሚባለው ሰው በተፈጥሮው ከሕዝብ ጋር ነው የሚል ንግግር ሲነሳ እኔ ይሄ ትዝ ይለኛል።

የንጎኒ ሕዝብ ንዱና፣ ማለትም የጦር አለቃ፣ ሶንጌያ ምባኖ በ1906 ተሰቀለ፣ በዛው ዓመት ፌብሯሪ 27 ደግሞ ከ60 በላይ ሰው ተሰቅሎ በጅምላ ተቀበረ። ከተማዋ ዛሬ በስሙ ሶንጌያ ነው የምትባለው። ከተሰቀለው ይልቅ ግን የፈጀው ረሃቡ ነው፣ ጀርመኖች ሆን ብለው እህሉን አቃጠሉ፣ ጎተራውን አቃጠሉ፣ ሰው እንዳይዘራ አረጉ። የጀርመን መንግሥት ራሱ 75,000 ሞተ ብሏል፣ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ከ200,000 እስከ 300,000 ያደርሱታል። በ2023 ኖቬምበር የጀርመኑ ፕሬዝዳንት ሽታይንማየር ሶንጌያ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ከሶንጌያ ምባኖ የልጅ ልጆች ጋርም ተገናኝተዋል። መቶ አስራ ስምንት አመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። ሌላ አንድ ነገር፣ ሄሄዎቹ በማጂ ማጂ አልተነሱም፣ ሰባት አመት በፊት የደረሰባቸውን አልረሱማ። ማገናኛው እንደገና ተበጠሰ።

እንግዲህ ወደ አስተማሪው።

ጀርመኖች ትምህርት ቤት የከፈቱት ለሕዝቡ አዝነው አልነበረም፣ ታንጋ ላይ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከከፈቱት ጀምሮ የፈለጉት ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢና አስተርጓሚ ነው፣ ቋንቋው ደግሞ ኪስዋሂሊ። በዚህ ሰበብ ኪስዋሂሊ ከባህር ዳርቻ ወጥቶ አገሩን ሁሉ እየያዘ ሄደ። እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲረከቡ ገዥው ዶናልድ ካሜሮን በየአካባቢው አለቃ በኩል መግዛት ይሻላል አለ፣ ለዛ ደግሞ የተማረ አለቃ ያስፈልጋል፣ ለዚህም ታቦራ ላይ የተከፈተው የአለቆች ልጆች የሚገቡበት ትምህርት ቤት አገለገለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ እንደ አባቶቻቸው ጦር የማያነሱ፣ ፋይል የሚይዙ ባላባቶች ማውጣት። ኢሲኬ ራሱን ያፈነዳበት ታቦራ መሆኑን ደግሞ ልብ በል።

ያላሰቡት ነገር ግን ሆነ። ከየአገሩ የመጣ ልጅ አንድ ማደሪያ ተኝቶ አንድ ቋንቋ አውርቶ አደገ። ከዛ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ ደግሞ በራሱ አገር ብቻ አይደለም የሚመደበው፣ አንዱ አመት ሐይቁ ዳር ነው፣ ሌላው አመት ባህሩ ዳር። የአለቃው ቃል በድንበሩ ያበቃል፣ አስተማሪው ግን ያስተማራቸው ልጆች አገሩ ሙሉ ተበትነዋል። ምክዋዋ ያጣው፣ ኪንጄኪቲሌ በውሃ የሞከረው ይሄው ነው። በ1929 ዳሬሰላም ላይ የአፍሪካውያን ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሴሲል ማቶላ የሚባል አስተማሪ ነበር፣ ቅርንጫፎቹን የሚመሩትም በብዛት አስተማሪ፣ ጸሐፊና ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሚያወሩት ስለ ደሞዝና ስለ እድገት ነበር፣ እንደ ማንኛውም የሠራተኛ ማኅበር። በዚህ አትሳቅባቸው፣ ሰው ስለ ደሞዙ ለመሰብሰብ ሲፈቀድለት ነው ስለ ሌላው መነጋገር የሚለምደው።

ጁሊየስ ኔሬሬ በ1922 ቡቲያማ ተወለደ፣ የዛናኪው አለቃ የኔሬሬ ቡሪቶ ልጅ ነው። አባቱ ግን ከተዋጉት አንዱ አልነበረም፣ ከጀርመንም ከእንግሊዝም ጋር ተስማምቶ የኖረ ባላባት ነው። ይሄን ንገራቸው፣ ነፃነት የመጣው በጀግና ልጅ ብቻ እንዳይመስላቸው። ልጁ አስራ ሁለት አመት እስኪሞላው ትምህርት ቤት አልገባም፣ ከዛ ሙሶማ፣ ከዛ ታቦራ፣ ከዛ ማኬሬሬ ሄዶ የመምህርነት ዲፕሎማ ያዘ፣ ታቦራ ተመልሶ በሚሽን ትምህርት ቤት አስተማረ፣ በ1949 ኤድንብራ ሄዶ ማስተርሱን በ52 ይዞ መጣና ዳሬሰላም አጠገብ ፑጉ በሚባል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተማሪ ሆነ። እንዳንተው የታሪክ መምህር።

በ1953 እንግሊዞቹ የመንግሥት ሠራተኛ የፖለቲካ ማኅበር ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንንም ነካ፣ ኔሬሬ ግን ተቀጣሪነቱ ለሚሽን ስለሆነ ክልከላው በቀጥታ አልያዘውም። እንደዚህ ዓይነት ትንሽ የአስተዳደር ነገር ታሪክ ሲቀይር ማየት ደስ ይለኛል። በ1954 ጁላይ 7 ያ የአፍሪካውያን ማኅበር ታኑ የሚባል ፓርቲ ሆነ፣ መሪው የፑጉው አስተማሪ።

አሁን ወደ ራስ ቅሉ ልመለስ ያልኩህ። እንግሊዛዊው ገዥ ኤድዋርድ ትዋይኒንግ ብሬመን ሙዚየም ድረስ ሄዶ ከተደረደሩት የራስ ቅሎች መሀል የምክዋዋ ነው ያለውን መርጦ አምጥቶ ለሄሄ ሕዝብ ያስረከበው በ1954 ጁን 19 ነው። ታኑ ሊመሠረት ሦስት ሳምንት አልቀረውም! ጎረቤት ኬንያ ማው ማው የሚባለው በእንግሊዝ ላይ የተነሳ አመፅ እየነደደ ነው፣ እንግሊዝ ታማኝ ሕዝብና ታማኝ ወታደር ትፈልጋለች፣ ስለዚህ የጀርመንን ጠላት አጥንት መልሳ ወዳጅ ለመሆን ሞከረች። እውነት የሱ የራስ ቅል ነወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ካሌንጋ ያለችውን ትንሽ ሙዚየም ሄጄ አይቻለሁ፣ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፣ የአካባቢው ሰው ግን በክርክሩ ብዙም አይጨነቅም። የተረከበው የልጅ ልጁ አለቃ አዳም ሳፒ ምክዋዋ ነው፣ እሱ ደግሞ በኋላ ነፃዪቱ አገር ውስጥ ለረጅም አመታት የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሆነ።

ኔሬሬ በ1955 ማርች ኒውዮርክ ሄዶ ተባበሩት መንግሥታት ፊት ተናግሮ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ ወይ ማስተማር ወይ ፖለቲካ፣ ምረጥ አለው። ለቀቀ። ደሞዝ ያለው ሰው ነው፣ ሚስትና ልጅ አለው፣ ያኔ ታኑ የሚከፍለው ነገር አልነበረውም። በ1956 ዲሴምበር እንደገና እዛው መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ማጂ ማጂ ያለው ለተማሪዎችህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ የተነሳው ማንም ቀስቅሶት አይደለም፣ ባዕድ ሲገዛው መነሳት የተፈጥሮ ጥሪ ስለሆነ ነው፣ ከተመታ በኋላ ግን ጌቶቹን በጉልበት ማባረር ከንቱ መስሎት ያለ ተስፋ ቀረ ነበር ያለው ባጭሩ። ስለዚህ ታኑ የመጀመሪያ ሥራው ያንን ፍርሃት ከሰው ውስጥ ማውጣት ሆነ፣ በሰላማዊ መንገድም ይቻላል ብሎ ማሳመን። መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ በኪስዋሂሊ፣ ቀስ ብሎ፣ እያስረዱ። የክላስ ሥራ ነው እኮ።

ግን ሁሉንም ለአስተማሪ እንዳትሰጠው። ብዙ መምህራን ደሞዛቸውን ፈርተው ዳር ቆመው ነበር፣ የማይፈረድባቸውም አሉ። ዳሬሰላም ላይ ታኑን ሕዝባዊ ያረገችው ቢቢ ቲቲ ሞሐመድ የምትባል ዘፋኝ ናት፣ የረባ ትምህርት የላትም፣ የሴቶቹን የጭፈራ ማኅበሮች እየዞረች በ1955 ሴቱን ሁሉ አባል አረገችው። ኔሬሬ ሐሳቡን ያስረዳ ይሆናል፣ አደባባዩን የሞላችው ግን እሷ ናት።

ነፃነት በ1961 ዲሴምበር 9 መጣ፣ ጥይት ሳይተኮስ። ከዛ ተማሪዎችህን የሚያስገርመው ነገር፣ የአለቃ ልጅ የሆነው ኔሬሬ በ1963 የአለቆችን ሥልጣን በሕግ ሰረዘ። ለዛች አገር ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፣ እንግሊዝ አለቆቹን መሣሪያ አድርጋ ስትጠቀምባቸው ክብራቸው ተበላሽቶ ነበር፣ ከነሱ ጋር ይቀጥል ቢባል ያ የ1890ዎቹ መለያየት ይመለሳል። ስሞቹን ግን አልሰረዘም፣ ምክዋዋም ሶንጌያም ኪንጄኪቲሌም የአንድ ሕዝብ ሳይሆኑ የታንዛኒያ ጀግና ተብለው ክላስ ገቡ። በ1968 የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየትውልድ አገራቸው ተበትነው ማጂ ማጂን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ጽፈው መጡ፣ መሪዎቻቸው ጊልበርት ግዋሳና ጆን ኢሊፍ የሚባሉ የታሪክ ሰዎች ነበሩ። ያ ሥራ ባይሠራ ዛሬ ስለ ማጂ ማጂ የምናውቀው የጀርመን መኮንን ሪፖርት ብቻ ይሆን ነበር። ሽማግሌዎቹ ከዛ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ኔሬሬን እስከ ዛሬ ምዋሊሙ፣ መምህሩ፣ ነው የሚሉት፣ እሱም መምህርነትን መርጬ ነው የገባሁበት፣ ፖለቲካው ግን ድንገት ነው ይል ነበር። በ1967 ከአዋቂው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ማንበብ አይችልም ነበር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ባወጣው ቁጥር የማይችለው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። ሌላውን ገጽም ንገራቸው፣ ለሁሉም ልጅ ባንዴ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህር አልበቃ ብሎ ሰባተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች አጭር ሥልጠና እየተሰጣቸው ክላስ ገቡ፣ ጥራቱ ወደቀ፣ ኢኮኖሚውም ሲደቅ የመምህሩ ደሞዝ አብሮ ደቀቀ። መምህሩ ተብሎ የሚጠራ ፕሬዝዳንት ባለበት አገር እንኳን መምህሩ ተቸግሯል። ስለዚህ አንተን «ክቡር ሙያ ነውና ታገስ» ብዬ አላባብልህም፣ እንደዛ የሚሉ ሰዎች አብዛኛዎቹ የቤት ኪራይ የማይከፍሉ ናቸው። መልቀቅ ካለብህ ልቀቅ፣ ኔሬሬም ለቋል። ዋጋ የለውም ብለህ ግን አትልቀቅ፣ ዋጋውማ ከላይ የነገርኩህ ነው፣ በገንዘብ የማይከፈልህ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ በማኅበር የሚጠየቅ ነገር ነው፣ እነ ማቶላም ከዛ ነው የጀመሩት።

ኢሪንጋ ላይ በምክዋዋ ስም የሚጠራ ሃይስኩል ነበር፣ ከ2005 ጀምሮ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ የምክዋዋ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሏል። የሚያስመርቀው መምህራን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ የሰላምና ደኅንነት ሕንፃው የተሰየመው በጁሊየስ ኔሬሬ ነው፣ ያሠራችው ጀርመን ናት፣ በ2016 አንጌላ ሜርክል ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። ተማሪዎችህ በዛ በኩል በታክሲ አልፈው ያውቁ ይሆናል።

ክላሱን እንዴት ላድርገው ካልከኝ፣ መጀመሪያ አንቀጽ 246ን አንብብላቸው፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የማቼምባን ደብዳቤ፣ ሦስተኛው ላይ ማጂ ማጂን ከጥጡ ጀምረህ፣ ውሃውን በኋላ አምጣው። ኔሬሬን ከዛ በፊት አትንካው፣ አለበለዚያ ጀግኖቹ የሱ መግቢያ ብቻ ይሆናሉ። ከዛ በየሰፈራቸው የጣሊያንን ዘመን ከወላጆቹ የሰማ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ፈልገው የሰሙትን ጽፈው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ስጣቸው፣ የተናጋሪው ዕድሜና ከማን እንደሰማው ካልተጻፈበት ማርክ አትስጥ። ፈተና ላይ ደግሞ ምክዋዋ በስንት አመተ ምሕረት ሞተ ብለህ አትጠይቅ፣ ሳንጉዎች ለምን ከጀርመን ጋር ቆሙ ብለህ ጠይቅ።